የተበጠሰ ጅማትን መስፋት፦ የውሻ ቀዶ ሕክምና ዳሰሳ

እንደ ደብረ ኤልያስ ባለ የጎጃም ገጠር ውሻ ከበረትና ከማሳ አይለይም። ማጭድ፣ ፋስና እሾሃማ ሽቦ ባሉበት ደግሞ እግሩ ለአደጋ ቅርብ ነው። ቆዳው ብቻ ሲቆረጥ ቶሎ ይሽራል፤ ከተረከዙ በላይ ያለው የቋንጃ ጅማት ሲበጠስ ግን በጣቱ መራመዱ ይቀርና ተረከዙን መሬት እያስነካ ይሄዳል።

ጅማት ጎን ለጎን የተደረደሩ ረጃጅም ቃጫዎች ስብስብ ነው። በቀጥታ የገባ ክር ሲሳብ በቃጫዎቹ መሐል እየሰነጠቀ ይወጣል። ክሩ ሲጠብቅ ደግሞ በጅማቱ ውስጥ ያለውን ጥቂት የደም ዝውውር ያንቃል።

ስለዚህ ልዩ ልዩ የጅማት ስፌቶች ተቀይሰዋል። ከቀደምቱ አንዱ የሆነው የቡኔል ስፌት ክሩን እንደ ጫማ ማሰሪያ ያመሳቅለዋል፤ አጥብቆ ቢይዝም ደም ያግዳል። ከኬስለር ስፌት የዳበረው ቆላፊ ስፌት ክሩን በጥቂት ቃጫዎች ዙሪያ ይቆልፋል፤ ለጠፍጣፋ ጅማት ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1986 የቀረበው የክራካው ስፌት ደግሞ በጅማቱ ሁለት ጠርዞች ተከታታይ ቁልፎችን ይሠራል። ለክብና ወፍራም ጅማት የሚመረጠው ባለ ሦስት ዙር የመዘውር ስፌት ነው። ሦስቱ ዙሮች በተለያየ አቅጣጫ ስለሚያልፉ ጭነቱን ይከፋፈሉታል፤ ጫፎቹም በቀላሉ አይላቀቁም።

መላቀቅ ትልቁ ጠንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በውሾች የጣት ጅማት ላይ የተደረገ ጥናት፣ በተሰፉት ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ጅማቱ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጥንካሬ እንደማይጨምር አሳይቷል። ግኝቱ የሰው እጅ ቀዶ ሐኪሞችንም ጠቅሟል። ክፍተት እንዳይፈጠርም ብዙዎች ከዋናው ስፌት ላይ በጅማቱ ዙሪያ ቀጭን ስፌት ይጨምራሉ።

ክሩ ናይለን፣ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ቀስ ብሎ የሚሟሟ ፖሊዲዮክሳኖን ሊሆን ይችላል። ጅማት ግን ለመዳን ይዘገያል፤ በስድስተኛው ሳምንት የቀድሞ ጥንካሬውን ግማሽ ያህል፣ በዓመቱም ከአምስት አራት እጅ ያህሉን ብቻ ያገኛል። ስለዚህ እግሩ ለሳምንታት በጄሶ ወይም በመደገፊያ ይታሰራል፤ ከዚያም እንቅስቃሴው ቀስ በቀስ ይለቀቃል። ይህ ካልተጠበቀ የተዋጣለት ስፌትም ይበጠሳል።

ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ያሠለጥናሉ። የባለቤቱ ድርሻ የሚጀምረው ግን ውሻው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ሕመም የያዘው ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ስለሚችል አፉን በጥንቃቄ ይሰር፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍን፣ እግሩን በእንጨት ይደግፍ፣ ሳያድር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ያድርሰው።