ዴኩን ከመቀየር በፊት

ለጊፋታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከመምህር ወዳጄ ጋር ገባሁ። ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ የሚውል የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ቤት ይታደሳል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ዕቃ ይለወጣል። ወዳጄም አሮጌውን የዲቪዲ ዴክ ጥሎ «ኤችዲ» ተብሎ የተጻፈበት አዲስ የፊልም ማጫወቻ ሊገዛ ቆርጧል። ባለሱቁ ትሑት ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ባለ55 ኢንች ስክሪን ላይ ፍላሽ ሰክቶ ከባሕር ሥር የተቀረጸ ፊልም ከፈተልን። የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል። «ጋሼ፣ ቤትዎም እንዲህ ነው የሚያዩት» አለው። ወዳጄ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ክንዱን ያዝ አድርጌ፣ መጀመሪያ ቤቱን እንድናይ ለመንኩት።

ቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ባለ32 ኢንች ጠፍጣፋ ነው። ከሶፋው እስከ ስክሪኑ በእርምጃ ስለካው ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። ከሥር ዴኩ፣ በዴኩ ላይ ደግሞ የዲሹ ሪሲቨር ተደርቧል። ሪሲቨሩን አንሥቼ አገላብጬ አየሁት። ኤችዲ ነው። ከፊቱ የፍላሽ መሰኪያ አለው፤ ከኋላው ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ግን አቧራ ሞልቶታል። ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው በድሮው ገመድ ነው። ይህ ገመድ ደግሞ የኤችዲ ምስል አያሳልፍም። እንግዲህ ወዳጄ ሊገዛው የወጣው ዕቃ ለዓመታት ቤቱ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው አንድ ገመድ ነው።

ይህ የእሱ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ባላነሣሁት። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ በተቀመጠው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ኢትዮሳትን ጀመረ። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ጣቢያዎቻችን ይታዩ የነበረው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ባለው በናይልሳት ነው። ጣቢያዎቹ እየለቀቁ ሲወጡ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ ቦዲቲና አረካ በየጣሪያው ያለው ሳህን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዞረ። የዲሽ ሠራተኞች እንደዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶባቸው አያውቅም። ሳህኑ ከዞረ በኋላ ሌላ ችግር መጣ፤ በአሮጌው ሪሲቨር አንዳንዱ ጣቢያ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ሆነ። አዲሱ ሥርጭት የተጨመቀበትን መንገድ አሮጌው ሪሲቨር መፍታት አይችልም። ብዙ ቤተሰብ ኤችዲ ሪሲቨር የገዛው ያን ጊዜ ነው። የገዛው የአገሩን ጣቢያ ላለማጣት እንጂ ለምስል ጥራት ብሎ አይደለም። ከሪሲቨሩ ጋር የፊልም ማጫወቻም አብሮ እንደገባለት የነገረው ሰው አልነበረም።

ቴክኖሎጂ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ሻጮቹ ከጻፉት የተለየ ነው። በሌላው ዓለም ከዲቪዲ ቀጥሎ የተገዛው ብሉሬይ ነበር። እሱም ያለ ጦርነት አልነገሠም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የሶኒ ወገን ብሉሬይን፣ የቶሺባ ወገን ኤችዲ ዲቪዲን ይዘው ወጡ። የአንዱ ዲስክ በሌላው አይሠራም። ዋርነር የተባለው የፊልም ኩባንያ ወደ ብሉሬይ ማዘንበሉን ካስታወቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በየካቲት 2000 ዓ.ም. ቶሺባ መሸነፉን አምኖ ምርቱን አቆመ። ቀድሞ የገዛው ሰው አዲስ ፊልም የማይወጣለት ማሽን ታቅፎ ቀረ። እኛ ከዚያ ኪሳራ ያመለጥነው አስበንበት አልነበረም። አቅማችን ቪሲዲና ዲቪዲ ላይ ያዘን፤ ብሉሬይን ሳናየው ወደ ፍላሽ ዘለልን። ዛሬ ሶዶ ውስጥ ፊልም የሚያስጭን ወጣት ዲስክ አይጠይቅም፤ ፍላሹን ይሰጣል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይወስዳል። የዲስክ ማጫወቻ መግዛት ለእሱ የሚሞት መንገድ ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው።

ወደ ዓይን ጉዳይ ልመለስ፤ ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያይበት ርቀት የተወሰነ ነው። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው። ዲቪዲ 720 በ576 አለው፤ ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ደግሞ 1,920 በ1,080። ባለ32 ኢንች ስክሪን ወርዱ 71 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሙሉ ኤችዲን በዚህ ስክሪን ላይ በደንብ ለመለየት ወደ 1 ሜትር ከ30 መጠጋት ያስፈልጋል፤ የዲቪዲው ነጥብ ግን ከሁለት ሜትር ተኩል ጀምሮ ዓይን ላይ መዋሃድ ይጀምራል። ወዳጄ የሚቀመጠው ሦስት ሜትር ላይ ነው። ከቪሲዲ ወደ ዲቪዲ የተሸጋገረ ዕለት ልዩነቱን ቤተሰቡ በሙሉ አይቶታል። ከጥሩ ዲቪዲ ወደ ኤችዲ ቢሸጋገር ግን ከሶፋው ላይ ሆኖ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ባለሱቁ ያሳየው ምስል እውነት ነው፤ ግን በ55 ኢንች፣ ከአንድ ሜትር ርቀት፣ ለማሳያ ተብሎ ከተቀረጸ ፊልም ላይ ነው። ፊልሙ ራሱ ደካማ ቅጂ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ማጫወቻ የሌለ ነጥብ አይፈጥርም። ከቪሲዲ ተገልብጦ ፍላሽ ላይ የተጫነ የአማርኛ ፊልም በኤችዲ ማሽን ቢከፈት ያው ቪሲዲ ነው።

በኢኮኖሚ ቋንቋ ይህን ማነቆ እንለዋለን። ውኃው የሚወርደው በጠባቡ ቱቦ ልክ ነው። የወዳጄ ቤት ማነቆ ገመዱ ነበር። የሌላው ሰው የቴሌቪዥኑ ስፋት ይሆናል፤ የሌላው የሚያስጭነው ፊልም ጥራት። ብር የሚወጣው ማነቆው ላይ ካልሆነ ወጪው ይታያል እንጂ ምስሉ አይለወጥም።

አሁን ብዙ አንባቢ ወደሚጠይቀኝ ልምጣ፤ «ዛሬ ካልገዛሁ ነገ አይወደድም ወይ?» ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ኤሌክትሮኒክስ በዓለም ገበያ በየዓመቱ እየረከሰ ስለሚሄድ ሌላ አገር የቆየ ሰው ያተርፋል። እኛ ጋ ግን በዶላር የታየው ቅናሽ ከመድረሱ በፊት ብሩ ይወርዳል። አንድ ዕቃ 40 ዶላር ነው እንበል። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 2,280 ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላር 100 ብር አለፈ፣ ዓመት ሳይሞላውም ከ130 በላይ ሆነ። ያ ዕቃ ረክሶ 34 ዶላር ቢገባ እንኳ በ130 ሲሰላ 4,420 ብር ነው፤ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር። የታገሠው ሰው ተቀጣ።

ሆኖም ሒሳቡ ሙሉ የሚሆነው ሌላ ነገር ሲታከልበት ነው። ከምንዛሪው መለቀቅ በፊትም ብዙ አስመጪ ዕቃውን ይተምን የነበረው በባንክ ሳይሆን በትይዩ ገበያ ዶላር ነው። ስለዚህ ብዙ ዕቃ ላይ የሱቅ ዋጋ ምንዛሪው በጨመረበት ልክ እጥፍ አልሆነም፤ ጭማሪው አስቀድሞ ውስጡ ነበር። ሁለተኛም የመጀመሪያው ዝላይ አልፏል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. 37 በመቶ የደረሰው የዋጋ ንረት በ2017 ማብቂያ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ጥድፊያው ተገቢ የነበረበት ጊዜ ሌላ፣ አሁን ሌላ ነው። እርግጥ 7 በመቶ ዝቅተኛ ወለድ በሚከፈልበት የቁጠባ ደብተር ብርን ማስተኛት ዛሬም ኪሳራ አለው። ይህን ኪሳራ ለመሸሽ ግን ከሱቅ በወጣ ዕለት ዋጋው የሚቀንስ ማጫወቻ መግዛት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

የወላይታ ሰው ገንዘብን ከመመናመን ማትረፍን ከማንም መማር አያሻውም። ለጊፋታ የሚታረደውን በሬ አባወራዎች ዓመቱን ሙሉ በቡድን እያዋጡ ይገዙና ሥጋውን ይከፋፈላሉ፤ እናቶች ደግሞ ቅቤ በየጊዜው እያጠራቀሙ ለበዓሉ ያደርሳሉ። ገንዘብ በእጅ ቢቆይ የሚያልቅ መሆኑን፣ ዕቃ ሆኖ ቢቆይ ግን ለበዓል እንደሚደርስ ያወቁት የዋጋ ግሽበት የሚል ቃል ሳይሰሙ ነው። የወዳጄ የማጫወቻ ገንዘብም እዚሁ ሚዛን ላይ መውጣት አለበት። በዚያው መስከረም ትምህርት ይከፈታል፤ ሦስት ልጆች ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማ ይፈልጋሉ። ባለቤቱ ከገጠር እናቷ ጋር ሆና አንድ ወይፈን ለማድለብ አስባለች፤ የወላይታ ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ገዢ አለው። ማጫወቻው የሚበላው ብር ከወይፈኑ ድርሻ ላይ የሚነሣ ከሆነ፣ የማጫወቻው ዋጋ ሱቁ ከጻፈው ይበልጣል።

የበኩር ልጁ ያቀረበው ክርክር ሌላ ነበር፦ «አባዬ፣ ዲቻ ሲጫወት በኤችዲ እንየው!» የልጁ ፍላጎት ይገባኛል። ወላይታ ዲቻ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ካይሮ ላይ ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ ሶዶ እንዴት እንዳደረች የነበረ ሰው ያውቃል። ደግሞም የጥራት ልዩነት በደንብ የሚታየው ኳስ ላይ ነው፤ ሜዳው ሰፊ፣ ኳሷ ትንሽ ናት። ነገር ግን ኤችዲ ማጫወቻ ጨዋታ አያመጣም። ሱፐርስፖርት ፕሪሚየር ሊጉን ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሲያስተላልፍ፣ ለማየት ያስፈልግ የነበረው የዲኤስቲቪ ዲኮደርና ወርኃዊ ክፍያ ነው። ማጫወቻ አንዴ ይከፈልበታል፤ ይኛው በየወሩ ይመጣል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መገመት ብዙ ቤት ውስጥ ያየሁት ስህተት ነው።

ስለ መብራት ጥቂት ልበል። ማጫወቻው ራሱ የሚወስደው ኃይል ኢምንት ነው፤ 20 ዋት ቢሆንና በቀን አራት ሰዓት ቢሠራ በወር 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ዕቃውን የሚገድለው የመብራቱ መውረድና መውጣት ነው። ሶዶ የኃይል መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ኬንያ የሚሄደው 1,045 ኪሎ ሜትር፣ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም የሚችል መስመር የሚነሣው ከዚህ ነው። ይሁንና እንዲህ ያለው መስመርና እስከ ቤታችን የሚደርሰው የሥርጭት መስመር የተለያዩ ናቸው፤ ቆጣሪያችን የሚደርሰው ኃይል የሚወሰነው በሁለተኛው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ባለው ቅጽበት ብዙ ሪሲቨር ተቃጥሏል። ስለዚህ ኤችዲ ለሚገዛ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ስታብላይዘር ከሌለህ ቅድሚያ ለእሱ ስጥ።

ወዳጄ ማጫወቻውን ተወው። ከዚያው ሱቅ የኤችዲኤምአይ ገመድ ገዛ። ያን ማታ ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰክተን አየን፤ ጣቢያዎቹ ከቀድሞው ጠርተዋል፣ ፊልሙም እንደየቅጂው ነው። ዴኩን ሊጥለው ሲያነሣ ግን ከኋላው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ የቪኤችኤስ ካሴት ወጣ። በ1991 ዓ.ም. የተቀረጸ የሠርጉ ፊልም ነው። ከዚያ ወዲህ ያረፉት አባቱ ምርቃት ሲሰጡ ያሉበት እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

ስለ ኤችዲ ስንከራከር የዋልነው ነገሩን ገልብጠን ነበር አልኩት። ኤችዲ ማጫወቻ ዛሬ ባይገዛ የዛሬ ዓመትም ይገኛል፤ ምናልባትም የተሻለ። ካሴቱ ግን ቀን በቀን እየደከመ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ሻጋታ ይይዘዋል፣ መግነጢሳዊ ሽፋኑ ይላላል። ካሴት የሚያጫውት ማሽን ደግሞ አይመረትም። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ላይ ያለው የካሴት ዴክ ቁጥር በየዕለቱ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ቪሲዲና ዲቪዲ ላይ የቀሩትም የልጆች ክርስትናና ምርቃት ተራቸውን ይዘዋል፤ በገዛ ቤት የተቀዳ ዲስክ እየቆየ ይበላሻል። ለቤተሰብ ምስል የሚወጣ ገንዘብ ካለ፣ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው።

ከተማው ውስጥ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ አንድ ፎቶ ቤት አገኘን። ሁለት ዴክ ነበሩት፤ አንዱን ለሌላው መለዋወጫ ብሎ ፈትቶታል። የቀረው ይሠራል። ወዳጄ ካሴቱን እንደ ያዘው አስረከበና ደረሰኙን ተቀበለ፤ ለቅዳሜ ተቀጠረ።