ብስክሌት ነጂ ጉልበቱን እንዳይታመም

የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ በመሆኑ ለብስክሌት የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ከአንበሳሜ ወይም ከወረታ ተነሥቶ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ጉልበቱን ሲያመው፣ «ብርድ ነው» ብሎ ዝም ማለት አይገባውም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኮርቻው ከፍታ ነውና። ኮርቻው ዝቅ ሲል ጉልበት ከመጠን በላይ ስለሚታጠፍ ከፊቱ ያመዋል፤ ከፍ ሲል ደግሞ እግር ያለ ልክ ስለሚዘረጋ ከኋላው ያመዋል።

መለኪያውም ይህ ነው፦ ኮርቻው ላይ ተቀምጠን ተረከዛችንን በታችኛው ፔዳል ላይ ስናሳርፍ እግራችን ቀጥ ይበል። ስንነዳ ግን በውስጥ እግራችን የፊት ክፍል ስለምንረግጥ ጉልበታችን ጥቂት እንደ ታጠፈ ይቀራል።

ያልለመደ ሰው ርቀቱን ቀስ በቀስ ይጨምር፤ ዳገት ሲበረታበት ወርዶ ይግፋ። ጉልበቱ ያበጠ ወይም ሕመሙ አልለቅ ያለው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ እንመክራለን፤ መምህር ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያስተምረው በእግሩ ነውና።