የትራክተር ማረሻ አልነሣ ሲል

ዝናቡ ዘልቆ፣ መሬቱ ለስንዴ የሚታረስበት ጊዜ ደርሶ፣ ተራ ሲጠበቅ የሰነበተው የኪራይ ትራክተርም ከማሳው ዳር ከቆመ በኋላ ማረሻው አልነሣ ቢል ሥራው ሁሉ ይቆማል። ሞተሩ ደኅና ቢሆንም፣ ማረሻውን ማንሣት ያልቻለ ትራክተር ከማሳው ጫፍ ደርሶ ሊዞር አይችልም። በጎዛምን፣ በአነደድና በደብረ ኤልያስ ያላችሁ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች ይህን ችግር ሳታዩት አትቀሩም። ብዙ ጊዜም መካኒክ ሳይጠራ መንሥኤው ሊታወቅ ይችላል።

ማንሻው የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ፓምፑ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስቦ ወደ ሲሊንደሩ ይልካል፤ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ማረሻውን የያዙትን ክንዶች ያነሣል። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ገበሬ ልጅ እንዲህ ያለ ማንሻ ያለውን ትራክተር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ዛሬ በየማሳችን የሚታዩትም ትራክተሮች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ አየር ከዘይቱ ጋር ከገባ ማረሻው እየተንቀጠቀጠ ይነሣል፤ ፓምፑም ይጮኻል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ዘይቱን ተመልከቱ። ትራክተሩን በሜዳ ላይ አቁሙ፤ ማረሻውን ወደ መሬት አውርዱ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ ከዚያ በኋላ ልኩን እዩ። በተዳፋት ላይ የታየ ልክ ያሳስታል፤ በእኛ አገር ደግሞ ሜዳ ፈልጎ ማቆም ራሱ ሥራ ነው። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ፋብሪካው ያዘዘውን ዓይነት ጨምሩ። ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ በቆዩት ትራክተሮች ውኃው ብዙ ጊዜ የሚገባው በማርሽ ዘንጉ ሥር ባለው የተቀደደ ጎማ በኩል ነው። እንዲህ ያለው ዘይት መለወጥ አለበት፤ ጎማውም ካልተለወጠ በሚቀጥለው ዝናብ ያው ይሆናል። በጮቄ ተራራ ግርጌ በማለዳ ማንሻው ቢዘገይ ግን ብርዱ ዘይቱን አወፍሮት ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተሩን ጥቂት አሙቃችሁ እንደገና ሞክሩ። ሞቆም ከዘገየ ፊልትሮው ሳይደፈን አይቀርም።

ሁለተኛው የእጀታዎቹ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ማሳ ላይ ደርሼ የማንሻው ክዳን ተፈትቶ፣ ሆዱ በአቧራ ተሞልቶ አገኘሁት። ትራክተሩ የቆየ ማሴ ፈርጉሰን 135 ነበር። በ35ና በ135 የማንሻው ፓምፕ የሚዞረው ከኋላ ላለው የኃይል ዘንግ እንቅስቃሴ የሚሰጠው እጀታ ሲገባ ነው። በአዲስ ትራክተር የለመደው ተተኪ ነጂ ይህን አላወቀም። እጀታውን በማስገባት ብቻ ይድን የነበረው ሥራ፣ አፈር ስለ ገባበት ጽዳትና አዲስ ዘይት ፈለገ፤ ሁለት ቀንም ባከነ። ሳታረጋግጡ ብሎን አትፍቱ የምላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ማረሻው ከተነሣ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ በየጊዜው ዝቅ ብሎ ተመልሶ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ዘይቱ በፒስተኑ ጎሚኒ ወይም በቫልቩ በኩል ሾልኮ እየተመለሰ ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ነጂው ግን «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ የግፊት መጠበቂያውን ቫልቭ እንዳያጠብቅ ከልክሉት። ያ ቫልቭ የተሠራው ጭነት ሲበዛ ዘይቱን እንዲያስተነፍስ ነው፤ ከተዘጋ ቱቦ ይፈነዳል ወይም ፓምፕ ይሰበራል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን የሰው ሕይወት ነገር ነው። ወደ ላይ የተነሣውን ማረሻ የያዘው ብረት አይደለም፤ ዘይት ነው። ቱቦ ቢቀደድ ወይም ሕፃን እጀታውን ቢነካ ማረሻው ይወድቃል። ስለዚህ ጭቃ ለማራገፍም ሆነ ብሎን ለማጥበቅ ከሥሩ አትግቡ፤ ወደ መሬት አውርዱት፣ አለዚያም በወፍራም ግንድ አስደግፉት። ድንጋይ ጭነት ሲበዛበት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለድጋፍ አይሆንም። ዘይት በቀጭኑ የሚረጭበትን ቀዳዳም በእጅ ዳሳችሁ አትፈልጉ፤ ካርቶን አስጠግታችሁ እዩ። ግፊት ያለው ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም፣ ባያምም፣ ሰውየው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ቢያድር እጁ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ጎማ ለመለወጥ የምትጠቀሙበት የዘይት ክሪክም የዚሁ ማንሻ ታናሽ ወንድም ነው። አልነሣ ካለ ማስተንፈሻው በሚገባ መዘጋቱን፣ ዘይቱም አለመጉደሉን እዩ። እየተንቀጠቀጠ ከተነሣ፣ ጭነት ሳይኖርበት ማስተንፈሻውን ከፍታችሁ ደጋግማችሁ ፓምፑት፤ አየሩ ይወጣል። በዋልካ አፈር ላይ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ አንጥፉ፤ ጎማው ከመፈታቱ በፊትም ትራክተሩን በግንድ አስደግፉ። ዘይት ሲያጥር የፍሬን ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ይህ ዘይት የክሪኩን ጎሚኒ አሳብጦ ያበላሸዋል።