ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለት ጠባይ ያለው ሞተር

ቫልቭ መቼና ምን ያህል እንደሚከፈት የሚወስነው የካምሻፍቱ ጉብታ ቅርጽ ነው። ለዝግታ የሚስማማው ቅርጽ ግን በከፍተኛ ዙር ሞተሩን አየር ያሳጣዋል፤ ለውድድር የተሠራው ደግሞ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ያንቀጠቅጠዋል።

ሆንዳ ሁለቱን ለማስታረቅ በ1989 እ.ኤ.አ. በኢንቴግራ መኪናው ላይ ያቀረበው ቪቴክ ለእያንዳንዱ ጥንድ ቫልቭ ሦስት ጉብታ አለው። በዝቅተኛ ዙር የሚሠሩት ሁለቱ የዳር ጉብታዎች ናቸው፤ ከፍ ያለው የመሃል ጉብታ የራሱን ሮከር አርም (የጉብታውን ግፊት ለቫልቭ የሚያስተላልፍ ክንድ) በከንቱ ያወዛውዛል። ዙሩ ሲያይል የሞተር ዘይት ግፊት ትንንሽ ፒኖችን ገፍቶ ሦስቱን ሮከር አርሞች ያቆላልፋል፤ ከዚያ ወዲያ አዛዡ የመሃሉ ነው። 1.6 ሊትሩ ሞተር ያለ ቱርቦ 160 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ ለዘመኑ ጉድ ነበር!

የቪቴክ ጉድለት ምርጫው ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። ቢኤምደብልዩ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቫልቭትሮኒክ የመግቢያ ቫልቩን ከፍታ ያለ ደረጃ መለዋወጥ ቻለ። የፍጥነት መኪና ወዳዶች ምኞት ከዚህም ይሻገራል፦ ካምሻፍቱ ጨርሶ ወጥቶ እያንዳንዱ ቫልቭ በኮምፒውተር ለብቻው ይታዘዝ የሚል። የስዊድኑ ኩባንያ ፍሪቫልቭ ይህ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ዋጋውና ውስብስብነቱ ግን ገና አልተገራም።

በአገራችን ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚነበበው ቪቪቲ-አይ የሚቀይረው የቫልቩን መክፈቻ ጊዜ እንጂ ከፍታውን አይደለም። እሱም የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ፣ ዘይቱን በጊዜው ቀይሩ።