የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት በሐራ ገበያ፤ መሪውን ማን ይጨብጣል?

ሐራን ሰው ሲጠራት ብዙውን ጊዜ «ሐራ ገበያ» ይላታል፤ ስሟ ራሱ የንግድ ሥፍራ መሆኗን ይመሰክራል። በሰሜን ወሎ፣ በወልድያና በመርሳ አቅራቢያ የምትገኘው ይህች ከተማ የደጋው እህልና የቆላው ከብት ከሚገናኙባቸው ገበያዎች አንዷ ናት። ጎረቤቷ የሀብሩ ወረዳ በምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል፤ በመስኖ ልማት የታወቀው የቆቦ ጊራና ሸለቆም ሽንኩርቱንና ፍራፍሬውን ለአካባቢው ገበያ ያቀርባል። ወልድያ ደግሞ ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚመጣው መንገድ ወደ መቀሌና ወደ ደብረ ታቦር የሚከፈልባት መስቀለኛ ሥፍራ በመሆኗ፣ የአካባቢው ነጋዴ የጅምላ ዕቃውን የሚያገኘው በዚሁ መሥመር ነው።

በዋናው መንገድ ላይ ዕቃው በከባድ መኪና ይጓዛል። ከዋናው መንገድ ወዲህ ያለው ጉዞ ግን በአህያ፣ በባጃጅና በሰው ጀርባ የሚፈጸም ነው፤ የሰው ጀርባ ሲባልም አብዛኛውን ጊዜ የሴት ጀርባ ማለት ነው። ቅቤዋን፣ ዕንቁላሏን፣ በርበሬዋንና ጌሾዋን አዝላ ገበያ የምትወጣው ሴት ከሽያጯ የምታገኘው ትርፍ መሸከም በምትችለው ክብደት የተወሰነ ነው። ሁለት እጥፍ ገዢ ብታገኝ እንኳ ሁለት እጥፍ ማምጣት አይቻላትም። ስለዚህ የማጓጓዣ ነገር ለእርሷ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የወረት ጉዳይ ነው።

ሐዲዱና የመጨረሻው አጭር መንገድ

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ 392 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ሥራውን የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. ጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ 122 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሄድ የታቀደ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢው በጦርነት ውስጥ ስለ ወደቀ በመሥመሩ ላይ ጉዳት ደረሰ፤ የነጋዴውም ተስፋ ከነሐዲዱ ዘገየ።

ይሁን እንጂ ባቡር በሙሉ አገልግሎት በሚገባበት ቀን እንኳ ዕቃን ከጣቢያው ደጃፍ አያሳልፍም። ከጣቢያ እስከ መጋዘን፣ ከመጋዘን እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ ደንበኛ ቤት ያለው አጭር መንገድ ሌላ አመላላሽ ይሻል። ባጃጅ ወደ ከተሞቻችን በገባ ጊዜ መሪው ከሞላ ጎደል በወንዶች እጅ ወደቀ። ይህም የሆነው ሴቶች መንዳት ስለማይችሉ ሳይሆን ለመግዣው ወረት ወይም ዋስ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ስለ ነበረ ነው። አሁን ደግሞ አዲስ ተሽከርካሪ እየመጣ ነው። ሁለትና ሦስት እግር ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ወደ ሰሜን ወሎ በብዛት ሲገባ መሪውን ማን እንደሚጨብጥ የሚወሰነው በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ፣ በነጋዴውና በባንኩ የሽያጭና የብድር ውል ነው።

መንግሥት የከፈተው በር

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የቀረጥ ማበረታቻ ሰጥቶ ነበር። ይኸውም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጥ እንዳይከፈል፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ እንዲከፈል የሚል ነው። የታክስ ሕግ በየጊዜው የሚሻሻል ስለ ሆነ አስመጪው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት በዕለቱ የሚሠራበትን ደንብ ከጉምሩክ ማጣራት አለበት። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የገቢ ዕቃ ዋጋ በብር ሲቆጠር ከፍ ማለቱ መዘንጋት የለበትም።

የኃይሉ ምንጭ የአገር ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቤንዚን ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከወደብ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ዋጋ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ጨምሯል።

ሒሳቡ እንዴት ነው?

ነጋዴ የሚያምነው ሒሳብን ነው። አንድ ተራ የቤንዚን ሞተር ብስክሌት ለ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይፈጃል። የኤሌክትሪኩ ደግሞ ለዚያው ጉዞ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። በቀን 60 ኪሎ ሜትር የሚሠራበትን እንውሰድ። ቤንዚኑን በ100 ብር ሒሳብ ብናስብ 1 ሊትር ተኩል 150 ብር ይሆናል። ኤሌክትሪኩን በኪሎዋት ሰዓት 10 ብር እንኳ ብንተምን 2.4 ኪሎዋት ሰዓት 24 ብር ነው። ልዩነቱ በቀን 126 ብር፣ በወር 26 የሥራ ቀን ቢቆጠር 3,276 ብር ይሆናል። የኤሌክትሪኩ ሞተር የዘይት ለውጥ፣ ካንዴላ፣ ካርቡሬተርና ፍሪሲዮን አያስፈልገውም፤ ስለዚህ የጥገናው ወጪም ይቀንሳል።

ባትሪውን ለመረዳት ቀላሉ መንገድ ከእንጀራ ምጣድ ጋር ማነጻጸር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋገርበት ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። 72 ቮልትና 40 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው በጠቅላላው 2.88 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ የባትሪው መሙያ ግን ከ1 ኪሎዋት ያልበለጠ እየሳበ በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላዋል። ምጣድ የቻለ የቤት መሥመር ይህንንም ይችላል ማለት ነው። ማታ ተሰክቶ ያደረ ባትሪ ለማግስቱ ሥራ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ሻጭ ለገዢ እውነቱን መሸሸግ የለበትም። ዳገትና ከባድ ጭነት ባትሪው የሚያስኬደውን ርቀት ያሳጥራሉ፤ የወልድያ ኮረብታም እንደ ሜዳ አይቆጠርም። በርካሽ የሚሸጠው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከባድ ከመሆኑም በላይ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ከተሞላ በኋላ ይደክማል። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ግን ዋጋው ቢከብድም ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል። በርካሽ የተገዛው ባትሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ዕዳ ትቶ ከሞተ፣ የሚጎዳው የአንዲት ሴት ኑሮ ብቻ ሳይሆን የሻጩም ስም ነው።

ዋስ የሌላት ተበዳሪ

ሴቶች ወደዚህ ሥራ እንዳይገቡ የሚያግደው ዋና ነገር የመያዣ እጦት ነው። ቤቱ በባል ወይም በአባት ስም ሲሆን፣ በስሟ የተመዘገበ ንብረት የሌላት ሴት ባንክ ፊት ባዶ እጇን ትቆማለች። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ሕግ አለ፤ ብዙ ነጋዴ ግን እስካሁን አልተጠቀመበትም። በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የመስጠት መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ይፈቅዳል። በዚህ መሠረት የሚሸጠው ሞተር ብስክሌት ራሱ የብድሩ መያዣ ሊሆን ይችላል። ገዢዋ ከዕለት ገቢዋ እየከፈለች ትሠራለች፤ ሻጩም ወይም አበዳሪው መብቱን አስመዝግቦ ያለ ሥጋት ይጠብቃል።

አበዳሪም አይጠፋም። በሴቶች አደራጅነት ተቋቁሞ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ለሴቶች የብድር ዋስትና ችግር መላ በመፈለግ የታወቀ ነው። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት የተለወጠው ጸደይ ባንክም ከገጠሩ አነስተኛ ተበዳሪ ጋር የቆየ ልማድ አለው። የጎደለው ሻጩን፣ ባንኩንና ተበዳሪዋን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ከሌሎች የሚገኝ ትምህርት

በዚምባብዌ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሞቢሊቲ ፎር አፍሪካ የተባለ ድርጅት «ሃምባ» የሚል ስም የሰጠውን ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በዌድዛ ወረዳ ለገጠር ሴቶች አቅርቧል። ሴቶቹ በቡድን ሆነው በኪራይ ይይዙታል፤ ባትሪውም በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ጣቢያ ይሞላል፤ ያለቀው ተሰጥቶ የሞላው ይወሰዳል። በዚህም አትክልታቸውን ወደ ገበያ ያደርሳሉ፤ የሰውም ጭነት እየያዙ ገቢ ያገኛሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን አባባል ከዚህ አሠራር ጋር እጅግ ይስማማል። ለአንዲት ሴት የሚከብደው ክፍያ ለአምስት ሲካፈል ይቀላልና፣ ዕቁብ የለመደች የወሎ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻትም። በሩዋንዳም አምፐርሳንድ የተባለው ኩባንያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪጋሊ ባትሪ እየቀየረ ስለሚሰጥ፣ አሽከርካሪው ባትሪ እስኪሞላ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

በአገራችንም ጅምሩ አለ። በአዲስ አበባ ዶዳይ የተባለው ኩባንያ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት እየገጣጠመ ለሽያጭ አቅርቧል፤ የባትሪ መቀየሪያ አገልግሎትም ጀምሯል። ሴት በትራንስፖርት ሥራ ምን ልትሠራ እንደምትችል ለሚጠይቅም መልስ አለ። ራይድ የተባለውን የታክሲ ጥሪ አገልግሎት የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ናት፤ የሥራው መነሻም ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ የማግኘት ችግር ነበር። ለራሷ ችግር ያገኘችው መፍትሔ ለብዙ አሽከርካሪዎች እንጀራ ሆነ።

አዲስ አበባ ማስጠንቀቂያም ትሰጣለች። በከተማዋ ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ በታገደ ጊዜ ብዙ አሽከርካሪዎች ከሥራ ውጭ ሆኑ። ስለዚህ በሐራም ሆነ በመርሳ ሥራው ሲጀመር ታርጋው፣ መንጃ ፈቃዱና የሥራ ፈቃዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሟላ መሆን አለበት። ያለ ወረቀት የተጀመረ ሥራ በአንድ መመሪያ ይቆማል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ አስመጪው ሁለት እግር ብቻ ሳይሆን ባለ ሦስት እግር የጭነት ዓይነትም ያስመጣ። ኩንታል ለሚጭን ሰው ሚዛኑ የተረጋጋ ነው፤ ቀሚስና ነጠላ ለለበሰች ሴትም ይመቻል። ጎማውና ሰንሰለቱ መሸፈኛ ሊኖረው፣ የራስ ቁር ከተሽከርካሪው ጋር አብሮ ሊሸጥ ይገባል። ድምፁ ዝቅተኛ ስለ ሆነ በገበያ መካከል እግረኛ አይሰማውምና ጥሩ ጥሩንባም ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ መለዋወጫና ጠጋኝ ከሽያጩ በፊት ይዘጋጁ። በወልድያና በመርሳ የሙያ ትምህርት የሚሰጥባቸው ኮሌጆች አሉ። ሻጩ ሁለት ሦስት ወጣት ሴቶች የባትሪና የሞተር ጥገና እንዲማሩ ቢያደርግ ለደንበኞቹ አገልግሎት፣ ለራሱም ዘላቂ ገበያ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ የመብራት መቋረጥ ሥራውን እንዳያቆመው በሱቅ ወይም በመጋዘን ትርፍ ባትሪ የሚቀመጥበትና የሚሞላበት ሥፍራ ይኑር። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ መትከል የሚችል ባለ ሱቅ ባትሪ በመቀየር ብቻ ሌላ የገቢ ምንጭ ይከፍታል።

አራተኛ፣ ባለ ሱቁና ጅምላ ሻጩ ለማመላለሻ ሥራ ውል ይስጡ። ሴቲቱ ባንክ ስትሄድ «በሳምንት ይህን ያህል ጭነት ከእገሌ መደብር አደርሳለሁ» የሚል የተፈረመ ወረቀት ከያዘች፣ ያ ወረቀት ከብዙ ልመና ይበልጥ ይናገርላታል።

ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ምጽዋት እየሰጠ አይደለም። በጀርባዋ አንድ ቁና ስታመጣ የነበረችው ሴት ኩንታል ማምጣት ስትችል፣ ከጅምላ ሻጩ የምትገዛው ይበዛል፤ ዕዳዋን በጊዜው ትከፍላለች፤ የልጆቿን ደብተርና ልብስ የምትገዛውም ከዚያው ከገበያው ሱቅ ነው። ባቡሩ ሐራ የሚደርስበትን ቀን የሚወስነው ሌላ ነው፤ ዕቃውን ከጣቢያው ተቀብሎ የሚያደርሰውን ሰው ማዘጋጀት ግን በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ ነጋዴዎች እጅ ያለ ሥራ ነው።