ክዳኑ የሳሳ ባሕር

በራቤል አካባቢ ለሚኖር ገበሬ ስለ ውርጭ ነጋሪ አያሻውም። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ባቄላው ጠዋት ተመትቶ ይገኛል። ደመና ካደረ ግን ውርጭ እምብዛም አይጥልም። ምክንያቱ ምንድን ነው? መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመናው እንደ ባና ሆኖ ከፊሉን ይመልስላታል።

ባሕርም እንዲሁ ሙቀት ይቀበላል፣ ይሰጣልም። ነገር ግን ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። ያጠራቀመውን ለወራት ይይዛል። ይህ ጎልቶ የሚታየው በምድራችን ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ ላይ ነው።

እዚያ ከኅዳር እስከ ጥር በአብዛኛው ቦታ ፀሐይ አትወጣም። አየሩ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል። የባሕሩ ውሃ ጨዋማ በመሆኑ በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። እንግዲህ ከበረዶው ሥር ያለው ውሃ ከአየሩ እጅግ ይሞቃል ማለት ነው! ሙቀቱ እንዳይወጣ የሚከለክለው በረዶው ነው፤ የድስት ክዳን በሉት። በረዶው የተሰነጠቀ እንደሆነ፣ ድስት ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ከስንጥቁ እንፋሎት ይጨሳል።

በረዶው ሌላም ሥራ አለው። ነጭ ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። የተገለጠው ጥቁር ባሕር ግን ከ100 እጅ ከ90 በላይ ይውጣል።

ታዲያ ይህ ክዳን እየሳሳ ነው። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ የዓለምን አየር ስላሞቀ፣ በረዶው ከዓመት ዓመት ቀንሷል። በዓመቱ ውስጥ በጣም የሚያንሰው በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ሰሞን ወደ 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። በመስከረም 2005 ዓ.ም. ግን 3.4 ሚሊዮን ብቻ ቀረ። የጎደለው የኢትዮጵያን ስፋት ሦስት ጊዜ ያህላል።

የተገለጠው ባሕር ከሰኔ ጀምሮ የጠጣውን ሙቀት በጥቅምትና በኅዳር ለአየሩ ይመልሳል። ስለዚህ የአካባቢው ሙቀት ከቀድሞው ይበልጥ የጨመረው ፀሐይ ባለችበት ወራት ሳይሆን በጨለማው ወራት ነው። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ግን እውነት ነው። ከባሕሩ የሚነሣው እንፋሎትም ደመና ይሆንና እንደ ባና ይከድነዋል። ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ ያ አካባቢ ከመላው ዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል።

በዚያ ባሕር ዳርቻ ኢኑይት የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። መንገዳቸውም የአደን ሜዳቸውም በረዶው ነው። አዳኙ ከመርገጡ በፊት በረዶውን በጦሩ ወጋ ወጋ አድርጎ ይፈትነዋል። ዛሬ በረዶው ዘግይቶ ይጋገራል፣ ቀጭንም ነው፤ አባቶች ያሳዩት መንገድ ላይ ሰውም ውሻም ይሰምጣል።