ከእርድ እስከ ኢቶፖሳይድ፦ የዕፅዋት ፌኖሎችና ካንሰር

እርድን ቢጫ፣ የወይን ፍሬን ቀይ የሚያደርጉት፣ የሻይ ቅጠልም ምላስን እንዲያኮማትር የሚያደርጉት ውህዶች ዘመዳሞች ናቸው፤ ፌኖሎች ይባላሉ። ተክል ከፀሐይ ጨረር፣ ከተባይና ከሻጋታ ራሱን የሚከላከልባቸው ሲሆኑ፣ ከ8,000 በላይ ዓይነቶች ተለይተዋል። ፍላቮኖይዶች፣ ፌኖሊክ አሲዶች፣ ስቲልቢኖች፣ ሊግናኖችና ታኒኖች ዋና ዋና ክፍሎቻቸው ናቸው። በቡና ውስጥ በብዛት የሚገኘው ክሎሮጄኒክ አሲድም ከነዚሁ ይመደባል፤ ቡናው ሲቆላ ግን መጠኑ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የቺካጎ ተመራማሪዎች በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ፣ በወይን ፍሬ ውስጥ ያለው ሬስቬራትሮል ካንሰር ሲጀምር፣ ሲያድግና ሲባባስ ሊገታው እንደሚችል ከቤተ ሙከራ ያገኙትን ውጤት አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ጥናቱ ጎረፈ። የእርዱ ኩርኩሚን የሰውነት መቆጣትን የሚመራውን ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን ሲያዳክም፣ የአረንጓዴ ሻዩ ኢጂሲጂም የካንሰር ሕዋሳትን ለሞት ሲዳርግ በቤተ ሙከራ ታየ።

ችግሩ የሚጀምረው ከአፍ በኋላ ነው። አንጀትና ጉበት እነዚህን ውህዶች ቶሎ ለውጠው ያስወግዷቸዋል። ሰው በርካታ ግራም ኩርኩሚን ቢውጥ እንኳ በደሙ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በቤተ ሙከራ ሕዋስ የሚገድለው መጠን በሰው ደም ውስጥ አይገኝም ማለት ነው። መጠኑን በክኒን ከፍ ማድረግም የራሱ ጣጣ አለው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በክኒን መልክ መውሰድ ጉበትን ሊያሰጋ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ መሀል ሕክምና ቤት የደረሰው ኢቶፖሳይድ ነው። መነሻው ፖዶፊለም ከተባለ ተክል ሥር የሚወጣው ፖዶፊሎቶክሲን የተሰኘ ሊግናን ሲሆን፣ እንዳለ ለካንሰር ሕክምና እንዳይውል መርዛማነቱ ይበዛል። የስዊዘርላንድ ኬሚስቶች ቅርጹን ሲለውጡት ሥራው አብሮ ተለወጠ፤ ቶፖአይሶሜሬዝ 2 የተባለውን ኢንዛይም እያወከ የካንሰር ሕዋስ ዲኤንኤ እንዲበጣጠስ ያደርጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ፈቀደችው፤ ዛሬም ለወንድ ዘር ፍሬና ለሳንባ ካንሰር ይታዘዛል።

መድኃኒት የሆነው እንግዲህ ተክሉ ሳይሆን ተለውጦ፣ ተመዝኖና በሰው ተፈትኖ የተገኘው ውህድ ነው። እርዱ ለወጡ፣ ሻዩም ለጨዋታው ይሁን፤ በሕክምና ላይ ያለ ሰው ግን የእነዚህን ጭማቂ በክኒን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።